ቀጥ ያለውን መረጥኩ

ነሐሴ ነው። ከሦስት ቀን ዝናብ በኋላ ፀሐይ ብልጭ አለች፤ መኪናዋ ደረቀች፤ እኔም ባልዲውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

ኮፈኗ ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጫጭ ጭረት ተሰልፏል። ኮፈን የሚሉት የሞተሩን ክዳን ነው፤ ያን ጊዜ ስሙን ስለማላውቀው ግንባሯ ነበር የምለው። እና ግንባሯ አሥር ድመት ተጣልቶበት ያደረ ይመስላል። እርጥብ ሳለ ምንም አይታይበትም ነበር። በነጠላዬ ጫፍ አሸት አሸት አደረግኩት። ጭረቱ ይበልጥ ፈካ።

መኪናዋ የእኔ ብትሆን ኖሮ "ይሁን" ብዬ ወደ ጓዳዬ እገባ ነበር። የእኔ አይደለችም። የልጄም አይደለችም፤ ልጄ ሽመልስ ሾፌሯ ነው። ባለቤቷ መንግሥት ነው፤ የሚቀመጡባት ደግሞ የልጄ አለቃ፣ ሰው ሁሉ "ጓድ ኃላፊ" የሚላቸው ናቸው። ጊዜው የደርግ ነው፣ አገሩ ደብረ ብርሃን። መኪናዋ ከአንድ ባለርስት የተወረሰች ትንሽ ቀይ መኪና ናት። ጓድ ኃላፊ ከተወረሱት ሁሉ እሷን የመረጧት ቀለሟ የአብዮቱ ቀለም ስለሆነ ነው ይባላል። እንግዲህ እኔ የጫርኩት ያንን ቀለም ነው።

ያን ጊዜ ሻጥር የሚባል ቃል ነበር። ሬዲዮው ይለዋል፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ይለዋል፣ ስኳር ሲጠፋ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ይለዋል። አንድ ነገር ከተበላሸ ያበላሸው ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ አውቆ ነው ያበላሸው ማለት ነው። ሳያውቁ ማበላሸት የሚባል ነገር በዚያ ዘመን አልነበረም። እኔ ደግሞ በዕድሜዬ ያበላሸሁትን ሁሉ ያበላሸሁት ሳላውቅ ነው።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ጓድ ኃላፊ ለስብሰባ አንኮበር ሄደዋል። የአንኮበር መንገድ በክረምት ትንሽ መኪና ይውጣል፤ ስለዚህ በትልቁ ላንድሮቨር ሄዱና ሽመልስን "እስክመለስ ደህና ቦታ አቁማት" አሉት። የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ለአብዮት በዓል ሊደለደል ነው ተብሎ በአሸዋና በድንጋይ ተሞልቷል። ደህና ቦታ ሲባል ልጄ የታየው የእናቱ ግቢ ነው። ይህን ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ተሳስቶ ነበር እንጂ።

ማክሰኞ ጠዋት ሽመልስ ተኝቷል። መኪናዋ እስከ መስኮቷ ጭቃ ናት። "ልጄ ሲነሳ ንጹሕ መኪና ይጠብቀው" አልኩ። የማጥበው ትልቅ ነገር እስከዚያ ቀን የጠላ ጋን ብቻ ነው። ጋን እንዴት እንደሚታጠብ ደግሞ ማንም አያስተምረኝም። ግራዋ ቀጠፍኩ፣ አመድ ነሰነስኩ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ፈተግኳት። እጄ ጠንካራ ነው። ሱፍ ፈታይ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት የበግ ጠጉር ስነድፍና ስፈትል የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ዕለት እጄ ለስለስ ያለ ቢሆን ይህን ሁሉ አላወራም ነበር።

ሽመልስ ዓይኑን እያሸ ወጣ።

"እማዬ፣ ምን አደረግሻት?"

"አጠብኳት።"

"በምን?"

"በግራዋ።"

ኮፈኑን አየ። "በግራዋ ብቻ?"

"አመድም ትንሽ።"

"ስንት ትንሽ?"

ባልዲውን በእግሬ ወደ ኋላዬ ገፋሁት። ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ቁጭ ሲል ግን የስምንት ዓመት ልጅ መሰለኝ።

"ቅዳሜ ይመጣሉ" አለ።

ከሽመልስ በፊት የነበረው ሾፌር የዚህችኑ መኪና የኋላ መብራት ከአጥር ጋር አጋጭቶ ሰብሮ ነበር። አልታሰረም፣ አልተሰደበም። ጥይት የሚያመላልስ ከባድ መኪና ላይ ተመድቦ ወደ ሰሜን ሄደ፤ በቃ። እናቱ የምትኖረው እነዋሪ ነው። በየገበያ ቀኑ እየመጣች ፖስታ ቤቱን ትጠይቅ ነበር፤ እኔ እስከማውቀው ደብዳቤ አልደረሳትም። ሽመልስ ይህን አላነሳውም፤ እኔም አላነሳሁትም። ሁለታችንም ግን ኮፈኑን ስናይ የምናየው ያንን ከባድ መኪና ነው።

ነጠላዬን አጣፋሁና ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ በከተማችን መኪና ቀለም የሚቀባ እሱ ነው። ጋራዡ ውስጥ የለም። አደባባዩ ላይ መሰላል ወጥቶ ነጭ ሰሌዳ ላይ በቀይ ቀለም መፈክር ይጽፋል፤ ከሥሩ አንድ ወጣት ካድሬ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ፊደሎቹን ይቆጣጠራል። ከመሰላሉ ሥር ሆኜ በሹክሹክታ ነገርኩት። በሹክሹክታ ሽቅብ ማውራት ይከብዳል፤ ሦስቴ ደገምኩለት።

"በግራዋ?" አለ ጮክ ብሎ።

"ቀስ በል እንጂ ጋሼ!"

"ጥፍርሽን አሳልፊበት። ጭረቱ ጥፍር ይይዛል?"

"አሳልፌበታለሁ፤ አይይዝም።"

"እንግዲያው ላይ ላዩን ነው። በማሽን ይወለወላል። የኔ ማሽን ከግንቦት ጀምሮ አዲስ አበባ ጥገና ላይ ነው። ኢብራሂም ሱቅ ሁለት አሉ፣ አንዱን ለምኚው። ለጀማሪ የሚሆነውን ምረጪ።"

"ጀማሪው ማነው?"

"አንቺ ነሻ!"

"ልጄ አለ አይደል፣ ሾፌር ነው።"

"መንዳትና መወልወል ምን አገናኘው! እሱም ጀማሪ ነው። ስሚ፣ ሁለቱ ማሽኖች አንድ አይደሉም። አንደኛው ቀጥ ብሎ ይዞራል፤ እሱን..."

"ጓድ ደምሴ!" አለ ካድሬው። "'ያሸንፋል'ን ሳትጨርስ ወሬ?"

ጋሽ ደምሴ ብሩሹን ነክሮ ወደ "ሸ" ተመለሰ። ጥቂት ቆምኩለት፤ ዞር ሳይል በጥርሱ መሃል "መጀመሪያ በማያስፈልግሽ ዕቃ ላይ ሞክሪ" አለኝ። ያገኘሁት ትምህርት ይኸው ነው። ቀጥ ብሎ የሚዞር አለ፤ በማያስፈልግ ዕቃ ላይ ይሞከራል። መሃሉ ላይ የነበረውን "ያሸንፋል" ወሰደው።

ኢብራሂም የአልዩ አምባ ሰው ነው። ሱቁ ጨው፣ በርበሬ፣ ገመድ፣ የፋኖስ ክር፣ ደግሞ ሰው ምን እንደሚያደርግበት የማያውቀው ዕቃ ሁሉ ያለበት ነው። መንገድ ሲሠሩ የነበሩ ፈረንጆች አገራቸው ሲገቡ ትተው የሄዱትን ዕቃ እሱ ነው የሰበሰበው። ሁለቱን ማሽኖች ከጆንያ ሥር አወጣቸው። አንደኛው ከባድ ነው፣ የጠገበ ጠቦት ያህላል፤ ጎኑ ላይ መያዣ ወጥቶለታል። ሁለተኛው ድቡልቡልና ቀለል ያለ ነው። ከሁለቱም ፊት ክብ ሳህን አለ።

"እትዬ፣ ይመልከቱ" አለና ከባዱን ሶኬት ላይ ሰካው።

ጮኸ። ሳህኑ ዞረ። እንዴት እንደዞረ! መሃሉ ላይ ያለች ነጥብ ቆማ ዙሪያው ብቻ ይበራል። ልቤ ደስ አለው። ከዚያ ሁለተኛውን ሰካው። ይህኛው ሲዞር ይወላገዳል፤ ሳህኑ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል፣ ወዲህም ወዲያም ይላል።

"ይኸኛው ተበላሽቷል" አልኩ።

"አልተበላሸም፤ አሠራሩ ነው።"

"ኢብራሂም፣ እኔ እንዝርት አውቃለሁ። ሲሾር የሚወላገድ እንዝርት ምን እንደሚባል ታውቃለህ?"

"ምን ይባላል?"

"ማገዶ!"

ኢብራሂም ሳቀ። "ወላሂ እትዬ፣ ለእርስዎ የሚሆነው ይኸው ነው። ፈረንጁ ይህንን ለማንም ይሰጥ ነበር፤ ከባዱን ግን የሚይዘው ክንዱ እንዲህ የሆነ አንድ ሰውዬ ብቻ ነበር" ብሎ ጭኑን አሳየኝ።

የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። ነጋዴ የተበላሸውን ነው የሚያስወግደው። ደግሞስ ሠላሳ ዓመት የፈተለች ሴት በሚሾር ነገር ላይ ምክር ከጨው ነጋዴ ትቀበላለች? እንዝርት ቀጥ ብሎ ካልሾረ ክሩ ይበጠሳል፤ ይህን የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ነው በኩርኩም የተማርኩት። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት ግን አርባ ዓመቴ ላይ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ያንንም ያለ ኩርኩም ስለሆነ ነው መሰለኝ እስካሁን "ኀ" እና "ሐ" ይምታቱብኛል።

"ቀጥ ያለውን ስጠኝ" አልኩ።

"አላህ ያግዝዎት" አለ። ሳይከራከረኝ በመቅረቱ ደግሞ ትክክል መሆኔን አመንኩ።

ማሽኖቹ የሳህናቸው ልብስ የላቸውም። ሳህኑ ላይ የሚለበሰው የበግ ለምድ ቆብ ነው፤ ያንን ብል ጨርሶታል። የበግ ለምድ ሲባል ጆሮዬ ቆመ። ለሁለቱም ማሽን ቆብ ልሰፋለት፣ እሱ ደግሞ ማሽኑን ሊያውሰኝ ተስማማን። ያን ዕለት የቀረውን ቀን ስሰፋ ዋልኩ። ዓመት ያልሞላው የግልገል ለምድ መረጥኩ፤ የትልቅ በግ ጠጉር ሻካራ ነው። በሞቀ ውሃ አጠብኩ፣ አልረገጥኩትም፤ ከተረገጠ ይጠጥራል። በጣቴ ፈልቅቄ ከውስጡ አሸዋ አራገፍኩ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ በትክክል የሠራሁት ይህን ብቻ ስለሆነ ነው ረዘም አድርጌ የጻፍኩት።

ረቡዕ ጠዋት "በማያስፈልግሽ ዕቃ ሞክሪ" የተባልኩትን ላደርግ ተነሳሁ። ቤቴን ዞርኩት። በደርግ ጊዜ የማያስፈልግ ዕቃ ያለው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ የቆርቆሮ በሬ ታየኝ። መኪናዋን እንዳትታይ በሁለት ዝተትና በአንድ ባና፣ ራሴ በፈተልኩት የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ሸፈንኳት። ሽመልስ ገመዱን ከቤት ሶኬት ሳበልኝ።

"እኔ ልያዘው እማዬ" አለ።

"አንተ ጀማሪ ነህ" አልኩት።

ቁልፉን ስጫን ማሽኑ ያን ትልቁን ሰውዬ ፈልጎ ይመስል ወደ ግራ ሄደ። እኔም ተከትየው ሄድኩ። በሩን ነካነው፣ አጥሩን ነካነው፣ ተመለስን። የነጠላዬን ጫፍ ሲያገኝ ያዘው፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነው። ሠላሳ ዓመት እኔ ጠምጥሜያለሁ፤ ያን ዕለት እሱ እኔን ጠመጠመኝ። ነጠላው አልቆ አንገቴ ላይ ሊደርስ ሲል ሽመልስ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለው። ማሽኑና እኔ አፍንጫ ለአፍንጫ ተያየን።

ሁለተኛ ስሞክር ነጠላዬን አውልቄ ነው። በዚህ ጊዜ በሩ ላይ ጸንቼ ያዝኩት። አረንጓዴው አብረቀረቀ። ከዚያ የበለጠ አብረቀረቀ። ከዚያ ቆርቆሮው ወጣ። ማሽኑን ሳጠፋ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሟል፤ የቀበሌው ጥበቃ ባሻ ወልዴ ናቸው፣ ጠብመንጃቸውን በትከሻቸው አንግተው።

"ማነው እዚህ የሚያትም?" አሉ።

"የምን ማተም ነው ባሻ?"

"ቀበሌ ድረስ ይሰማል። የወረቀት ማባዣ እንዲህ ነው የሚጮኸው።"

ወረቀት አባዛህ የተባለ ሰው በዚያ ዘመን ምን እንደሚሆን አልነግራችሁም። ማሽኑን ወደ አፍንጫቸው አቀረብኩላቸው። "ያሽትቱ ባሻ! የበግ ነው! በግ ወረቀት ያትማል?"

አሸተቱ። በግ መሆኑን አመኑ። ከዚያ በሩን አዩ። "ይህ በር ቁጥር አልነበረውም?"

ዞር አልኩ። ቀበሌው በነጭ ቀለም የጻፈው የቤት ቁጥሬ የለም። በቦታው የገዛ ፊቴ ቆርቆሮው ላይ ያየኛል። ቁጥር የሌለው ቤት ስኳር አያገኝም፤ ሳሙና አያገኝም፤ ቤትም አይደለም። አንድ ጥፋት ልደብቅ ብዬ ሁለተኛ ሠራሁ።

"ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነበር" አሉ ባሻ። ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው ምላሳቸውን ነክሰው ጻፉልኝ። "በቀለም አስጽፊው። ዝናብ ሳይመጣ።" ከዚያ ዓይናቸው ዝተቱ ላይ አረፈ። "ያስ ምንድን ነው?"

"ሱፍ እያናፈስኩ ነው።"

ባሻ ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ። "ጎማ ያለው ሱፍ?"

ሽመልስ ሳል ያዘው። ባሻ ግን ክፉ ሰው አይደሉም፤ እየሄዱ እንዲህ አሉን፦ "የጓድ ኃላፊን መኪና ከሆነ የምትሸፍኑት ቶሎ ግለጡት። ስብሰባው አጥሯል። ነገ ከሰዓት በኋላ ይገባሉ።"

ቅዳሜ ሐሙስ ሆነ። ጋሽ ደምሴ ከመሰላል የሚወርደው ዓርብ ነው። ሽመልስ አየኝ፣ እኔም አየሁት። ማሽኑ አለ፣ ቆቡ አለ፣ ኢብራሂም የጨመረልን የመወልወያ ቅባት ቆርቆሮ አለ፤ እኔም አንድ በር የወለወልኩ ሰው ነኝ። ዝተቶቹን ገፈፍን።

የመጀመሪያው ጭረት ጠፋ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጠፋ! መስታወት ሆነ። ሽመልስ ሳቀ፤ ከትናንት ጀምሮ ያልሳቀ ልጅ። ያ ሳቅ ነው ያጠፋኝ። ዳር ላይ አንድ ግትር ጭረት ነበረ፤ እሱንም ላጥፋው ብዬ አንድ ቦታ ላይ ጸንቼ ቆምኩ። እንዝርት አንድ ቦታ ቆሞ ሲሾር ነው ክሩ የሚጠነክረው። የተቃጠለ ቀንድ ሸተተኝ። ማሽኑን አነሳሁ።

የስኒ ማስቀመጫ የምታህል ክብ፤ ግራጫ።

"እማዬ" አለ ሽመልስ በቀጭን ድምፅ፣ "ቀለሙ የት ሄደ?"

ማሽኑን ገልብጬ አየሁ። "ቆቡ ላይ ነው" አልኩት። ነጩ የግልገል ለምዴ ቀይ ሆኗል።

ሽመልስ ገብቶ ልብሱን ማጣጠፍ ጀመረ፤ ሹራቡን፣ ካልሲውን። ሰሜን ብርድ ነው ወይስ ሙቀት ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ምኑን አውቄ! እንዝርት ይዞ የሚያለቅስ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ማሽኑን በክንዴ ታቅፌ እያለቀስኩ ወደ ኢብራሂም ሱቅ ሮጥኩ። ገበያተኛው ዞር ብሎ ያየኛል። የታመመ ጠቦት የታቀፍኩ መስሏቸው "እግዜር ይማርልሽ" ያሉኝ አሉ።

ኢብራሂም ቆቡን አየ፣ ፊቴን አየ። "ምን ብዬዎት ነበር" አላለም። ያንን ባለማለቱ እስከ ዛሬ እመርቀዋለሁ። ወልጋዳውን አውጥቶ ሰጠኝና "ደምሴን ይጥሩት፤ ይህ ከማሽን ያለፈ ነው" አለኝ።

አደባባዩ ላይ ካድሬው ምሳ ሄዷል። ጋሽ ደምሴ ከመሰላሉ ሥር ዳቦውን እየገመጠ ሰማኝ። ማኘኩን አቆመ። "ቀጥ ያለውን መረጥሽ?"

"ቀጥ ብሎ ይዞራል አልከኝ እኮ!"

"'እሱን እንዳትነኪው' ልልሽ ስል ነው የተጠራሁት!"

ተነሳ፤ አንድ ጣሳ ቀይ ቀለም በካፖርቱ ውስጥ ሸጎጠ። ለመፈክሩ የተመደበ የመንግሥት ቀለም ነው። "'ያሸንፋል' መጨረሻው ላይ ሦስት ቃለ አጋኖ ታዞለት ነበር" አለኝ በመንገድ ላይ። "ሁለት ይበቃዋል።" እኔ ከጎኑ ስሄድ አሁን ሁለት ሰው ልናሳስር ነው እያልኩ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ግራጫውን ክብ ሲያይ ተነፈሰ። በብርጭቆ ወረቀት ዳሩን አለዘበው፤ ቀዩ ላይ አንዲት ጠብታ ጥቁር ጨመረ፣ አየው፣ ሌላ ግማሽ ጠብታ ጨመረ። ቀባው። እኔና ሽመልስ የከሰል ምድጃ በዱላ አንጠልጥለን አጠገቡ ይዘን ቆምን እንዲደርቅ፤ እንዳይጠጋ፣ እንዳይርቅ። ክንዳችን ሲዝል እየተቀያየርን ነው። በየመሃሉ እየደረበ ሦስት ጊዜ ቀባው። ሰማዩም ማረን፤ ዝናቡ በሰላ ድንጋይ በኩል ዞሮ ሄደ።

ሊሄድ ሲል ወልጋዳውን አንስቶ እጄ ላይ አስያዘኝ። "ስሚ። ቀጥ ያለው አንድ ቦታ ላይ ይሾራል፤ አንድ ቦታ የሾረ ነገር ያግላል፣ የጋለ ቀለም ይላጣል። ይህንን ሆን ብለው አወላገዱት፤ አንድ ቦታ እንዳይቆም። ወልጋዳነቱ ላንቺ ነው የተሠራው። ነገ ጠዋት አዲሱን ቦታ በስሱ፣ ሌላውን እንደልብሽ።"

ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን ስጫን ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ማሽኑ ተንቀጠቀጠ እንጂ የትም አልሄደም። ነጠላዬን አልፈለገም። አንድ ቦታ ብረሳው እንኳ እየተወላገደ ይቆየኛል። ጭረቱ ቀስ እያለ፣ ልክ ዳቦ ሊጥ ላይ የጣት ምልክት እንደሚጠፋ፣ ጠፋ። እስከ ምሳ ኮፈኑ አለቀ። አዲሱ ክብ የት እንደነበር እኔ ስለማውቅ ይታየኛል፤ ሽመልስ ግን ሁለቴ ሌላ ቦታ ጠቆመ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋን ይዞ ወጣ።

ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሱፍ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄደ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። ሽመልስ ብቻውን ነው። ፊቱ እንደ አመድ ሆኗል።

"ጓድ ኃላፊ ጠርተውሻል።"

"ምን ብለው?"

"ኮፈኑን ዞረው ዞረው አዩ። 'ይህን ማን ነካው?' አሉኝ። 'እናቴ' አልኳቸው። 'አምጣት' አሉ። ሌላ ምንም አላሉም።"

አላለቀስኩም። አንድ ባና ጠቀለልኩ፣ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ቋጠርኩ። እሥር ቤት ብርድ እንደሆነ ሰምቻለሁ። በሬን ስዘጋ የባሻ ጠመኔ በሌሊቱ ካፊያ ጫፉ ሄዶ ቤቴ ሠላሳ አንድ ሆኗል፤ "ይሁን" ብዬ አለፍኩ።

ጓድ ኃላፊ ጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ወፍራም ሰው ናቸው፣ የአንኮበር ጭቃ ገና ከጫማቸው አልተጠረገም። አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደምኳቸው። ቆሜ፣ ባናዬን ታቅፌ፣ በአንድ ትንፋሽ ሁሉንም አወጣሁት። ግራዋውን፣ አመዱን፣ እንዝርቱን፣ ቀጥ ያለውንና ወልጋዳውን ማሽን፣ በሩን፣ የስኒ ማስቀመጫዋን ክብ። ቀለሙ ከየት እንደመጣ ብቻ ዋጥኩት፤ ያ የጋሽ ደምሴ አንገት ነው። "ልጄ ተኝቶ ነበር" አልኩ። "አያውቅም ነበር። የሚላክ ካለ እኔን ላኩኝ። መንዳት አልችልም፣ ግን ጥይት መሸከም እችላለሁ።"

የዳቦ ቆሎዬን ቋጠሮ አዩት።

"እናት" አሉ ቀስ ብለው። "እኔ የጠራሁዎት ኮፈኑ አምሮ ጎንና ጎኗ ስለደበዘዘብኝ፣ ለበዓሉ ሌላውንም ይሠሩልኝ እንደሆነ ልጠይቅዎት ነው።"

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ ነው የተቀመጠው፤ እኔ አላዘዝኩትም።

"ይህን ሁሉ አልጠየቅኩዎትም" አሉ። አሁን ግን ሰምተውታል፤ ወደ አፌ መልሼ የማስገባው ነገር አይደለም። በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከቱ። ሽመልስ ከቀይዋ መኪና አጠገብ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ረዥም ጊዜ አዩት። እኔ ጸሎት እንኳ አልመጣልኝም፤ የሚያዩበትን ዓይን ብቻ ነበር የማየው።

"ጦር ሠራዊት የገባሁ ቀን" አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ "እናቴ ጫማዬን እንዲያበራ ብላ ቅቤ ቀባችው። ለሰልፍ ስንቆም የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ተከትሎኝ መጣ። አሥር አለቃው ሦስት ቀን አሰረኝ።"

ይሳቅ ይሆን አይሳቅ አላወቅኩም። አልሳቅኩም።

"ጎኗን እስከ ሰኞ ይጨርሱ። ሽመልስ ሥራው ላይ ነው። ግራዋ ግን ከመኪናዬ አጠገብ እንዳላይ።"

"በየትኛው ማሽን?" አልኩ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም፤ ፍርሃት ነው።

"እኔ ምን አውቃለሁ! በዚያ በወልጋዳው።"

ሲያስወጡኝ ባናዬን ረስቼ ጸሐፊዋ ሮጣ አመጣችልኝ። ግቢው ውስጥ ሽመልስ ዓይኔን ሲያይ ምን እንደተባልኩ ሳልነግረው አወቀ። ባርኔጣውን አደረገ። በመንግሥት መኪና ሰው መሸኘት ክልክል ስለሆነ ተለያየን፤ እኔ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ ዳቦ ቆሎውን በላሁት፤ ከማክሰኞ ጀምሮ የቀመስኩት የመጀመሪያ ነገር ነው።

አመሻሹ ላይ ልጄ ገባ። ጫማውን አወለቀ፣ የታጠፈ ሹራቡን ከሻንጣው አውጥቶ መስቀያው ላይ ሰቀለው፣ ራት ጠየቀ። በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት። ማንም አልተላከም፤ ማንም አልታሰረም። ሁለታችንም ቤታችን ነን፣ ደህና ነን።